ሰማዩ ይቅደም፣ ቃሉ ይከተል

ስለ ሥርዓተ ፀሐይ የሚወጡ የፈተና ጥያቄዎች መልካቸው ብዙም አይለያይም። ምህዋር ምንድን ነው? ፕላኔት ከኮከብ በምን ይለያል? ምድር በዛቢያዋ ላይ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር ስንት ሰዓት ይፈጅባታል? ተማሪው ፍቺውን ሸምድዶ ይገባል፣ እንደ ሸመደደው ይጽፋል፣ ማርኩንም ያገኛል። ይኸው ተማሪ «በሰኔ ወር እኩለ ቀን ላይ የትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ መስቀያ ጥላ የሚወድቀው ወደ ሰሜን ነው ወይስ ወደ ደቡብ?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን ያጠናው ሁሉ ብዙም አይረዳውም። መልሱ ደብተሩ ላይ አልተጻፈም፤ ደጅ ወጥቶ የሚታይ ነው። የሚገርመው ይህም ጥያቄ እንደ ፊተኞቹ ሁሉ ስለ ዛቢያና ስለ ምህዋር የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው፤ የሥነ ፈለክ ቃላት በክፍል ውስጥ የሚሰጡበት ቅደም ተከተል ተገልብጧል። መጀመሪያ ቃሉ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ፍቺው ይከተላል፣ ጊዜ ከተረፈ ሥዕሉ ይታያል፤ ሰማዩ ራሱ ጨርሶ ተራ ሳይደርሰው ምዕራፉ ያልቃል። እነዚህ ቃላት ግን ሲፈጠሩ እንዲህ አልተፈጠሩም። ሰዎች ሰማይ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አይተው፣ ተከታትለው፣ ተከራክረው፣ በመጨረሻ ላዩት ነገር ስም አወጡለት። ተማሪውም ስሙን ከመያዙ በፊት ግራ መጋባቱን ሊቀምሰው ይገባል። እንዲህ የሚደረገው ትምህርቱ እንዲጥም ብቻ ተብሎ አይደለም። ከታች እንደምናየው፣ ከሚታየው ሰማይ ተነጥሎ የተያዘ ቃል ተማሪውን ያሳስተዋል።

ለዚህ ማሳያ የሚሆን ሰማይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ አሉ። ሦስቱም አዲስ አበባን የከበቡና ዛሬ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር የተጠቃለሉ ናቸው። ሦስቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ኬክሮስ ላይ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ይህ አቀማመጥ ለሰማይ ትምህርት ትልቅ ስጦታ ነው። ለንደን ላይ የሚማር ልጅ ፀሐይን አናቱ ላይ አይቷት አያውቅም፤ ወደ ደቡብ ዋልታ ያሉ ከዋክብትም ለእሱ ምንጊዜም ከአድማስ በታች ናቸው። የሱሉልታ ልጅ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ፀሐይ ከአናቱ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ስታልፍ ያያል። የሰሜንን ኮከብ በሜዳው ጫፍ ላይ ዝቅ ብሎ፣ በ9 ዲግሪ ከፍታ ላይ ያገኘዋል፤ የደቡቡን ሰማይም ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያያል።

ከአንድ ዘንግ እንጀምር። ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ ዘንግ፣ በቱንቢ ተለክቶ፣ ጠፍጣፋ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ይቁም። ጥላው በጣም የሚያጥርበት ቅጽበት እኩለ ቀን ነው። ተማሪዎቹ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት ቢያደርጉ፣ ያ ቅጽበት ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ከ6 ሰዓት ከ25 ገደማ ላይ እንደሚውል ይደርሱበታል። የመጀመሪያው ግራ መጋባት ይህ ነው። ሰዓታችን የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን፣ ይህ መስመር በሶማሌ ክልል በኩል ያልፋል። እነዚህ ከተሞች ከመስመሩ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ይርቃሉ። ምድር አንድ ዲግሪ ለመሽከርከር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ፀሐይ እነሱ ዘንድ 25 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትደርሳለች። «ኬንትሮስ» እና «ሽክርክሪት» የሚሉትን ቃላት ለማስተዋወቅ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም፤ ተማሪው ያየውን መዘግየት የሚያስረዳለት ቃል እየፈለገ ነውና።

ያው ዘንግ ዓመቱን ሙሉ ቢጠበቅ የበለጠ ይናገራል። ታኅሣሥ 12 አካባቢ የእኩለ ቀኑ ጥላ 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ፀሐይ በደቡብ በኩል ናትና። ከዚያ በኋላ ጥላው በየሳምንቱ እያጠረ ይሄድና ሚያዝያ 5 አካባቢ ጨርሶ ይጠፋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ቀጥሎ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ መውደቅ ይጀምራል፤ ሰኔ 14 ላይ 26 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርሳል። ከዚያ ተመልሶ ያጥርና በነሐሴ መጨረሻ ሰሞን፣ ደመናው ከፈቀደ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ይጠፋል። እነዚህን ሁለት ጥላዎች ወረቀት ላይ አሳንሶ የሣለና በፕሮትራክተር የለካ ተማሪ ፀሐይ በታኅሣሥ ከአናት 32.4 ዲግሪ ወደ ደቡብ፣ በሰኔ 14.4 ዲግሪ ወደ ሰሜን እንደነበረች ያገኛል። ድምሩ 46.8 ሲሆን ግማሹ 23.4 ይመጣል። ይህ ቁጥር በየመጽሐፉ «የምድር ዛቢያ በ23.4 ዲግሪ ያዘነበለ ነው» ተብሎ የሚሸመደደው ራሱ ነው። የሰበታ ተማሪ ቁጥሩን መቀበል አይጠበቅበትም፤ ግቢው ውስጥ ሊለካው ይችላል።

ቃል ከሰማዩ ሲነጠል እንደሚያሳስት ከሚያሳዩት ሁሉ ጎልቶ የሚታየው የወቅቶች ጉዳይ ነው። የአውሮፓውያንን ቀዝቃዛ ወቅት «ክረምት»፣ ሞቃቱን «በጋ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ተማሪው የምድር ሰሜናዊ ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብል በሰሜን በጋ እንደሚሆን፣ ይህም በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ እንደሚውል ይማራል። እሱ የሚኖረው በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ ግን ደጁ ላይ ዝናብ፣ ጭቃና ብርድ ነው ያለው። ወይ መጽሐፉ ተሳስቷል፣ ወይ እሱ የሚያየው ክረምት ክረምት አይደለም። ብዙ ልጅ ከሁለቱ አንዱንም አይመርጥም፤ የመጽሐፉን ለፈተና፣ የደጁን ለኑሮ ይይዝና ሁለቱን አያገናኛቸውም። ከዚህ የባሰም ወጥመድ አለ። ምድር ከፀሐይ እጅግ የምትርቀው በሰኔ ማብቂያ ገደማ ሲሆን ርቀቱ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ እጅግ የምትቀርበው ደግሞ በታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ፣ በ147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። «ክረምት የሚበርደው ፀሐይ ስለምትርቅ ነው» የሚል የቡራዩ ልጅ ካላንደሩ ራሱ ሐሰተኛ ምስክር ይሆንለታል።

ዘንጉ ግን ነገሩን ይፈታዋል። በሰኔ ጥላው አጭር ነው፤ ፀሐይ ከታኅሣሡ ይልቅ ወደ አናት ተጠግታለች። ስለዚህ ብርዱ ከፀሐይ መራቅ የመጣ አይደለም፤ መራቅ ቢሆን ኖሮ በዚያው ጊዜ አውሮፓም በበረዳት ነበር። ብርዱን ያመጣው ደመናው ነው፤ ደመናውን ደግሞ ያመጣችው ፀሐይ ናት። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታልፍ የምታሞቀው ምድር አየሩን ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ባዶውን ለመሙላት ከምዕራብና ከደቡብ እርጥብ ነፋስ ይመጣል፣ በምድር ወገብ ዙሪያ ያለው የዝናብ መቀነትም ፀሐይን ተከትሎ ወደ እኛ ይወጣል። የእኛ ክረምትና የአውሮፓውያን በጋ፣ እርስ በርስ የሚቃረኑ የሚመስሉት፣ የአንድ ዛቢያ መዘንበል ሁለት ውጤቶች ናቸው። ይህን ያየ ተማሪ «ያዘነበለ ዛቢያ» የሚለውን ሐረግ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፤ ምክንያቱም የገዛ ጭቃውን ያስረዳለታል።

ሁለተኛው ማስረጃ «ኮከብ» የሚለው ቃል ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ሌሊት ሰማይ ላይ የሚያበራ ነገር ሁሉ፣ ከጨረቃ በስተቀር፣ ኮከብ ይባላል። ጎሕ ሲቀድ ደምቆ የሚታየው አጥቢያ ኮከብ፣ ብልጭ ብሎ የሚጠፋው ተወርዋሪ ኮከብ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው ጅራታም ኮከብ ሦስቱም «ኮከብ» ይባሉ እንጂ አንዳቸውም ኮከብ አይደሉም። አጥቢያ ኮከብ ቬነስ የምትባለው ፕላኔት ናት። ተወርዋሪው አብዛኛውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ያልበለጠ ብናኝ አየር ውስጥ ሲነድ የሚሰጠው ብርሃን ነው። ጅራታሙ ከበረዶና ከአቧራ የተሠራ፣ ፀሐይን በረጅም ምህዋር የሚዞር አካል ነው። በአንጻሩ በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ያለችውን ብቸኛ እውነተኛ ኮከብ፣ ፀሐይን፣ ኮከብ ብሎ የሚጠራት የለም። መምህሩ ይህን የልማድ አጠራር ስሕተት ብሎ ሊያጠፋው አይገባም። የጥንቱ ሰው ዓይኑ ያሳየውን በትክክል ሰይሟል፤ ሳይንስ የጨመረው «ብርሃኑ የራሱ ነው ወይስ የተዋሰው? የሚዞረው ማንን ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች ነው። ተማሪው ሁለቱን ጥያቄዎች ከያዘ የፕላኔትንና የኮከብን ፍቺ ራሱ ይጽፈዋል።

አጥቢያ ኮከብን ቀረብ ብለን እንያት። ከቡራዩ በስተምዕራብ በኩል የከተማው መብራት ስለሚቀንስ፣ ቬነስ የማታ ኮከብ በምትሆንባቸው ወራት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአምቦ አቅጣጫ ደምቃ ትታያለች። በየሳምንቱ የተከታተላት ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛ፣ ከፀሐይ ብዙ አትርቅም፤ ከጀንበር በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ከቆየች ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ማንም አይቷት አያውቅም። ማርስና ጁፒተር ግን እኩለ ሌሊት ላይ አናት ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ለምን? የቬነስ መንገድ ከምድር መንገድ በውስጥ በኩል ስለሆነ ነው። ወደ እሷ ለማየት ሁልጊዜ ፊታችንን ወደ ፀሐይ ወገን ማዞር አለብን፤ እኩለ ሌሊት ላይ ግን ጀርባችንን ለፀሐይ ሰጥተናል። «ምህዋር» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ሲገባ ሥራ ይሠራል። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ቬነስን በቴሌስኮፕ ሲመለከት እንደ ጨረቃ ስትሞላና ስትጎድል ማየቱ፣ ፕላኔቷ የምትዞረው ፀሐይን እንደሆነ ከሚያሳዩት ጠንካራ ማስረጃዎች አንዱ ሆኗል። ሽክርክሪትና ዙረት የሚምታቱበት ተማሪም ከቬነስ የተሻለ አስረጂ አያገኝም። በዛቢያዋ ላይ አንድ ጊዜ ለመሽከርከር 243 ቀን፣ ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር ግን 225 ቀን ብቻ ይፈጅባታል። ሁለቱ ቃላት አንድ ነገር ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

የፕላኔቶቹ ስም ዝርዝርም ቢሆን በደረቁ ከሚሸመደድ ታሪኩ ቢነበብ ይሻላል። በአገራችን የዘመን አቆጣጠርና የኮከብ ቆጠራ መጻሕፍት ውስጥ፣ ከዐረብኛ የመጡ የአምስት ፕላኔቶች ስሞች አሉ፦ ዐጣርድ፣ ዝሁራ፣ መሪኅ፣ ሙሽተሪና ዙሐል። የዛሬ መጻሕፍት ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ማርስ፣ ጁፒተርና ሳተርን ይሏቸዋል። ለኡራነስና ለኔፕቹን ግን የጥንት ስም የለም። ኡራነስ በቴሌስኮፕ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1781፣ ኔፕቹን ደግሞ በ1846 ነውና በዓይን ብቻ ይመለከት የነበረ ሊቅ ለማያውቀው ነገር ስም ሊያወጣ አይችልም። ፕሉቶ በ1930 ተገኝቶ ዘጠነኛ ፕላኔት ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ግን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለፕላኔትነት ሦስት መስፈርት አወጣ። ፀሐይን የሚዞር፣ በራሱ ስበት ክብ ቅርጽ የያዘ፣ በምህዋሩ አካባቢ ያሉትን ሌሎች አካላት ያጸዳ መሆን አለበት። ፕሉቶ ሦስተኛውን ስላላሟላ ድንክ ፕላኔት ተባለ። ከሰማይ የጎደለ ነገር አልነበረም፤ የተለወጠው ምደባው ነው። ዘጠኝ ብሎ የሸመደደ ሰው ስምንት ሲባል ግር ይለዋል፤ መስፈርቱን ያወቀ ግን ለምን እንደተለወጠ ራሱ ያስረዳል።

ኢትዮጵያም በዚህ የስያሜ ሥራ ውስጥ ድርሻ አላት። እ.ኤ.አ. በ2019 ያው ኅብረት ለየአገሩ ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጪ ያለ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ በኢትዮጵያ በኩል ኮከቡ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት «አቦል» ተብለዋል። ለክፍል ውስጥ ጥያቄ ይህ በጣም ይመቻል። ከቡናና ከአቦል የራሱ ብርሃን ያለው የትኛው ነው? ማን ማንን ይዞራል? አቦል የሥርዓተ ፀሐይ አባል ነው? የሦስቱን ጥያቄዎች መልስ ያገኘ ተማሪ ኮከብን፣ ፕላኔትንና ሥርዓተ ፀሐይን ለይቷል።

እዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የጊዜ ጉዳይ ነው። መምህሩ የሚሸፍነው ምዕራፍ አለው፣ ክፍሉ በተማሪ የተሞላ ነው፣ ፈተናውም ቀርቧል። ሁሉን እያዩ መማር ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። የዘንጉ ልኬት በአንድ ጊዜ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ይበቃዋል። በዚያ ጊዜ ሽክርክሪት፣ ዛቢያ፣ ዙረት፣ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ወቅት በአንድ ላይ ይታያሉ። እነዚህን በየተራ ለማስጻፍ፣ ለማስሸምደድና ሲረሱ ደግሞ ለመድገም የሚባክነው ክፍለ ጊዜ ይበልጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ መሣሪያ የለም የሚል ነው። እርግጥ በየትምህርት ቤቱ ቴሌስኮፕ የለም። እንጦጦ ላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የሥነ ፈለክ ምልከታ ጣቢያ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ ጣቢያው ዕውን እንዲሆን የደከመው እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ሱሉልታ ከዚያው ሸንተረር ማዶ ብትሆንም ጣቢያው ለምርምር የቆመ ነውና ለሁሉም ተማሪ አይዳረስም። ይሁን እንጂ ሥርዓተ ፀሐይን በዋናነት የገለጡት ቃላት ከቴሌስኮፕ በፊት የነበሩ ናቸው። የምድርን ዙሪያ ኤራቶስቴንስ በግብፅ የለካው በጥላ ነበር። ሚያዝያ 5 እኩለ ቀን ላይ ሱሉልታ ጥላ ሲጠፋ፣ በተመሳሳይ ኬንትሮስ አቅራቢያ ባለችው ሞያሌ የአንድ ሜትር ዘንግ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ወደ ደቡብ ይጥላል። የማዕዘኑ ልዩነት 5.6 ዲግሪ ነው፤ ካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ ሁለቱ ከተሞች 625 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ለ5.6 ዲግሪ 625 ኪሎ ሜትር ከሆነ ለ360 ዲግሪ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል፤ የምድር ዙሪያ ይኸው ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ ተነጋግረው ይህን ሊሠሩ ይችላሉ።

ስለ ደመናና ስለ ከተማ መብራት የሚነሣው ሥጋት በከፊል እውነት ነው። የአዲስ አበባ ብርሃን ደካማ ከዋክብትን ይውጣል። ሆኖም ጨረቃና አምስቱ ጥንታዊ ፕላኔቶች ለከተማ መብራት የሚበገሩ አይደሉም፤ ሱሉልታም ከከተማዋ በእንጦጦ ተጋርዳለች። ደመናውም ቢሆን የሚበዛው ትምህርት በሚዘጋበት ክረምት ነው፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ሰማዩ ራሱም አንዳንዴ ትልቅ ትርኢት ያመጣል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ በላሊበላ በኩል ሲያልፍ በአዲስ አበባ ዙሪያ የፀሐይ አብዛኛው ገጽ ተሸፍኖ ታይቷል። ጨረቃ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ያልሸፈነችው ያን ቀን ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ነው፤ ምህዋሯ ፍጹም ክብ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ግድ ነው። ፀሐይን በባዶ ዓይን፣ በጥቁር መነጽር ወይም በኤክስሬይ ፊልም ማየት ዓይን ያጠፋል። የጥላው ዘዴ አንዱ ጥቅም ፀሐይን ሳያዩ ስለ ፀሐይ ማወቅ ማስቻሉ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የቋንቋ ነው። በእነዚህ ከተሞች አንዱ ልጅ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ይማራል፤ ሁለቱም ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ታዲያ ከመጀመሪያው የእንግሊዝኛውን ቃል ይዞ መገላገል አይሻልም? አይሻልም፤ ይህ ተቃውሞ የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። ፀሐይ፣ ጨረቃና ኮከብ ብሎ የጀመረውም፣ አዱ፣ ጂአና ኡርጂ ብሎ የጀመረውም ግቢው ውስጥ የሚያዩት ጥላ አንድ ነው። ነገሩን ያወቀ ልጅ አዲስ ስም መቀበል አይቸግረውም፤ በሦስት ቋንቋ ስሙን ብቻ የያዘ ልጅ ግን በሦስቱም ባዶ ነው። የአገራችን ልማድም ይህንኑ ይመሰክራል። የቦረና የዘመን ቆጠራ አዋቂዎች፣ አያንቱዎች፣ ወራትን የሚቆጥሩት ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት አጠገብ የምትታይበትን ሌሊት እየተከታተሉ ነው። ሙሉው ቅጂ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክም ፀሐይ በዓመት ውስጥ በስድስት የምሥራቅ በሮች እየተፈራረቀች እንደምትወጣ ይተርካል። የፀሐይ መውጫ በአድማስ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን መመላለሱን ሳይከታተል ይህን የሚጽፍ የለም። የመጽሐፉ ዓመት 364 ቀን መሆኑ ሒሳቡ እንዳልተሟላ ያሳያል፤ ምልከታው ግን እውነተኛ ነው። ማብራሪያው ሲሻሻል የታየው ነገር አልተሰረዘም።

አራተኛውን ተቃውሞ የምታነሣው ሰበታ ራሷ ናት። በከተማዋ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ መርሐ ዕውራን፣ አለ። ሰማዩን ይዩ የሚል ትምህርት ለእነዚህ ተማሪዎች ምን ይፈይዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ለሚያዩትም ልጆች የሚጠቅም ሆኖ ይገኛል። በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ትልቁ እውነት ርቀት ነው፤ ርቀትን ደግሞ የሚያይም ቢሆን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ሁሉንም ነገር አሥር ቢሊዮን ጊዜ እናሳንሰው። ፀሐይ 14 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ትልቅ ትርንጎ ትሆናለች። ምድር ከትርንጎው 15 ሜትር ርቃ የተቀመጠች፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ የምትበልጥ የጤፍ ፍሬ ናት፤ ጨረቃ ከጤፏ 4 ሴንቲ ሜትር እንኳ አትርቅም። ጁፒተር 78 ሜትር ላይ ያለ የባቄላ ፍሬ ነው። ኔፕቹን ላይ ለመድረስ 450 ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። ቀጣዩ ኮከብ 4,000 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ከሰበታ ተነሥተው ጆሃንስበርግ አካባቢ ይገኛል። በየፕላኔቱ ቦታ ቋጠሮ ያለበትን ገመድ በእጁ እየዳሰሰ፣ እርምጃውን እየቆጠረ የሄደ ተማሪ፣ ያይም አያይም፣ ፕላኔቶችን ደርድሮና አጠጋግቶ ከሚያሳይ የመጽሐፍ ሥዕል የበለጠ እውነት ይይዛል። እንግዲህ «ሰማዩ ይቅደም» ስል «ዓይን ይቅደም» ማለቴ አይደለም፤ ነገሩ በሰውነት ይታወቅ፣ ከዚያ ይሰየም ማለቴ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፤ ስም የሌለውን ነገር ማየት አይቻልም ይላል። ልጅ ምን እንደሚፈልግ ካልተነገረው ሰማይ ላይ ነጥብ እንጂ ሌላ አያይም። በዚህ ውስጥ እውነት አለ፤ ያለ ጥያቄ የሚደረግ ምልከታ መና ይቀራል። ነገር ግን ለጥያቄ የሚያስፈልገው ቃል የዕለት ተዕለቱ ቃል ነው። ጥላ፣ ምሥራቅ፣ ጠዋት፣ መዞር፣ መራቅ የሚሉትን ልጁ ከቤቱ ይዟቸው ይመጣል። «ጥላው ለምን አጠረ?» ለማለት «ዛቢያ» የሚለውን ቃል ማወቅ አይጠበቅበትም፤ መልሱን አሳጥሮ ለመያዝ ግን ያስፈልገዋል። የሙያ ቃል የረጅም ማስተዋል ማሳጠሪያ ነው፤ ማስተዋሉ ከሌለ የሚያሳጥረው ነገር የለውም።

ይህ ሁሉ አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ በጀት ወይም አዲስ መምህር አይጠይቅም። የሚጠይቀው በትምህርት ቤቱ ካላንደር ላይ ሦስት ቀን፣ ታኅሣሥ 12፣ ሚያዝያ 5 እና ሰኔ 14፣ ወይም በአቅራቢያቸው ያለ የትምህርት ቀን፣ እንዲከበብና በእነዚያ ቀናት ከ6 ሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ደጅ መውጣትን ነው። ከዚህ የሚበልጠው ለውጥ ግን ፈተናው ላይ ነው። «ምህዋር ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ «አጥቢያ ኮከብ እኩለ ሌሊት ላይ የማትታየው ለምንድን ነው?» በሚል ቢተካ፣ «የምድር ዛቢያ በስንት ዲግሪ ያዘነበለ ነው?» የሚለው ደግሞ «በሰኔ ወር ቡራዩ ላይ የእኩለ ቀን ጥላ ወዴት ይወድቃል? ለምን?» በሚል ቢለወጥ፣ ቃላቱ አይቀሩም፤ ያለ እነሱ መልስ መስጠት አይቻልምና። የሚቀረው ሽምደዳው ብቻ ነው። ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ መምህርም የሚያስተምረው ተማሪው የሚጠየቀውን ነው። ስለዚህ የክፍሉን ቅደም ተከተል ማቃናት የሚፈልግ ሰው ሥራውን መጀመር ያለበት ከጥያቄ ወረቀቱ ነው።